ሳይቀመስ የቀረ ወጥ

ምራቴ በፋሲካ ዋዜማ የምትሠራው የዶሮ ወጥ እደጅ ድረስ ሸተተኝ። የልጅ ልጄን «ነይ፣ ጨው ቅመሽልኝ» አለቻት።

ልጅ ሳለሁ እናቴም እንዲሁ ለምናኝ ነበር። እሷ ጾም ላይ ናት፣ አትቀምስም፤ እኔ ገና ለጾም አልደረስሁም። ግን የኔታ ፊት ጾመኛ መባል አማረኝና «እኔም እጾማለሁ» ብየ ድርቅ አልሁ። «ጾምህ ለኔም ይትረፍ» አለችና ጨውን በግምት ጨመረች።

በበዓሉ የእህቴ አማቾች አንድ አንድ ጎርሰው ውሃ ውሃ አሉ። አባቴ «አንች፣ አሞሌ ቀቅለሽ ነው ያመጣሽልን?» አላት። «እጄ ስቶ ነው» አለች፣ ወደኔ ሳትዞር። እኔም እስክትሞት ዝም አልሁ።

የልጅ ልጄ «እንደ አባባ እጾማለሁ» ስትል ሰማሁ።

«ቅመሽላት አንች!» ብየ ጮህሁባት።

እያለቀሰች ቀመሰች። «ጨው በዝቶበታል» አለች።