ሲሞቃት የምትቆም መኪና

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልበትም። ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ እንኳ ሦስት ጊዜ ወጥቼ እገባለሁ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ደግሞ ወንበር ስቀይር ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ አምስት ወር ሙሉ በየሐሙሱ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሰዓት እንድቀመጥ የተፈረደብኝ።

ሥራዬ ሾፌርነት ነው። ከአሰላ የከብት ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኜ አቦምሳ አደርሳለሁ፤ በዚያው ቀን ሳጥኑን ብቻ ይዤ እመለሳለሁ። ስሄድ መኪናዋ ምንም አትለኝም። ስመለስ ግን፣ የቆላው ሙቀት ገብቶባት ዳገቱን እያቃሰተች ትወጣና፣ አርቦዬ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ድርግም ትላለች። ናፍጣ አላት፣ ባትሪዋ ደህና ነው፣ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ኮፈኑን ከፍቼ አንድ ሰዓት ስጠብቃት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። የምትቆመው ሁልጊዜ ዳገቱ የሚያልቅበት ላይ ነው። እዚያ ያለው ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ሻይ ቤት።

ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤቱ ነጭ ፒክአፕ ሐሙስ በመጣ ቁጥር በአንዲት ሴት ደጅ ቆማ ትታያለች። ወሬው እኔን ቀድሞ አሰላ ገባ። አለቃዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ «ያለ በቂ ምክንያት በመንገድ ላይ በመቆም» ይላል። እሱስ ይሁን። የከፋው የቤቴ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ስትቆጣ ትጮኻለች፣ በሃያ ዓመት ትዳር ጩኸቷን ለምጄዋለሁ። በዚህ ነገር ግን አልጮኸችም። ሐሙስ ሐሙስ ራቴን ታቀርብና «ዛሬም ቆመች?» ትለኛለች።

«ቆመች።»

«እ» ትላለች። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ያቺ «እ» ናት ዕረፍት የነሳችኝ።

አሰላ ላይ እንዳላስመሰክር ደግሞ ብርዱ ለመኪናዋ ያደላል፤ እዚያ አትቆምም። በጠዋት አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌ ናቸው፣ ከተማው ሁሉ የሚያምናቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነዳጅ እየረገጡ ሲያስጮኋት ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ይቺ ካንተም ከኔም ትሻላለች» አሉኝ። ቀጥለው ጠቀስ አድርገውኝ «ሻይዋ ግን ይጣፍጣል አሉ» ሲሉ ደሜ ፈላ። ሰላም ሳልላቸው መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ።

አንድ ሐሙስ እንደ ልማዴ የቆመችውን መኪና ስዞር ሴትዮዋ ከሻይ ቤቷ ወጥታ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች ጠየቀችኝ።

«ማል ታቴ ዛሬስ? ምን ሆነች?»

«ያው ናት። ሲሞቃት ትቆማለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲሞቃት ከሆነ ያን ሁሉ በረዶ ኋላ ጭነህ ምን ያዞርሃል?»

አፈርኩ። አምስት ወር ሙሉ በረዶ ጀርባዬ ላይ ጭኜ ለማሰብ ሌላ ሰው አስፈለገኝ። ከክትባቱ ሳጥን ያልቀለጠውን በረዶ አውጥቼ መጀመሪያ የነዳጁ ፖምፓ ላይ አስደገፍኩ፤ ለውጥ የለም። ፖምፓው ላይ የተጣበቀች መዳፍ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አለች፤ ለፖምፓው መቼ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚሰጥ የምታዘው እሷ ናት። ስነካት ጣቴን ላጠችኝ። በረዶውን ወደ እሷ አዛወርኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቁልፍ ባዞር ሞተሩ ተነሳ። እንደ ልጅ ጮኽኩ። ሴትዮዋም ሳቀች፤ አሳሳቋ ጥሩ ነው፤ ይህንንም ልናገር።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ቀልዳቸውን ተዉ። ሳጥኗ እሳት የሆነ ሞተር ላይ ተለጥፋ እስካለች ድረስ መፍትሔ የለም፤ ከዚያ ማውጣት ነው አሉ። ያለ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ መኪናዋን ማስነካት ክልክል ነው፤ ፈቃድ ጠይቆ መጠበቅ ደግሞ እኔ የምችለው ነገር አይደለም። እሑድ ቀን ግቢያቸው ውስጥ በሩን ዘግተን እንደ ሌባ ሠራነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየቀጠሉ አስረዘሙ። ሙቀቱን እንዲመጥላት ከአሮጌ ድስት ቂጥ ላይ የተቆረጠ አሉሚኒየም ከሥሯ አሰሩላት። የት እንስቀላት ስንባባል «ጋቢና ውስጥ፣ ከተሳፋሪው እግር ከፍ ብሎ» አሉ። «ጭቃ አይነካት፣ ሙቀት አያገኛት።» ትክክል መሰለኝ።

በማግስቱ ወደ ደጋው፣ ወደ ዲክሲስ ተላክሁ። ጉም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደነዳሁ፣ ትንፋሼ መስተዋቱ ላይ በሚታይበት ብርድ ድርግም አለች። በብርድ! መሪውን በቡጢ መታሁት። ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሳጥኗን ስነካት ትፋጃለች። የጋቢናው ማሞቂያ ቀጥታ እሷ ላይ እየነፋ ነው። እዚህ አገር መኪና ያስነሳ ሁሉ ሳያስበው ማሞቂያ ይከፍታል፤ እኔም ከፍቼዋለሁ፤ ሽማግሌውም ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍቱት ኖረዋል። ሁለት የብርድ አገር ሰዎች መክረን ከአንዱ እሳት አውጥተን ሌላው እሳት አፍ ላይ ሰቀልናት። በዚያ በኩል ያለውን የማሞቂያ ቀዳዳ ሽማግሌው በቆርቆሮ ደፈኑት።

ሐሙስ ያን ዳገት ሳትቆም ወጣች። እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ።

«ዛሬ አልቆመችም?» አለች ባለቤቴ።

«አልቆመችም! ሳጥኗን ከሞተሩ አንስተን፣ የድስት ቂጥ ላይ አስረን...»

«የድስት ቂጥ» አለች፣ ሳህን እያነሳች። «ለመዋሸትም እኮ ደህና ነገር ይፈለጋል። ማስጠንቀቂያው አድኗታል በለኝ።»

ምን ልበላት? መኪናዋ ስትቆም ውሸታም ነበርኩ፤ ስትድን ደግሞ ይባስ ውሸታም ሆንኩ። የሠራሁት ጥገና በገዛ እጄ ማስረጃዬን አጠፋብኝ። ሳጥኗን ወደ ቦታዋ መልሼ ባለቤቴን አሳፍሬ ወስጄ እዚያው ዳገት ላይ ላስቆማት ሁሉ አስቤ ነበር።

ከጥገናው በኋላ ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ግን መኪናዋ ሳትቆም እኔ አቆምኳት። ሳጥኗ ሞቃ እንደሆነ ልያት ብዬ ነው፣ ለራሴ እንዲህ አልኩት። ነካኋት፤ ቀዝቃዛ ናት። መሄድ እችል ነበር። ገብቼ ሁለት ሻይ ጠጣሁ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ዱቄት ውድነት አወራን። የትም ቦታ የማያርፉት እግሮቼ እዚያ በርጩማ ላይ እንዳሉ ረግተዋል። ይህን ሳስተውል ደነገጥኩ። ብድግ ብዬ ወጣሁና ወደ ኋላዬ ሳላይ ነዳሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቆሜ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዬን ይዤ ዲክሲስ ሄድኩ።

«ማሞቂያውን ክፈተው እንጂ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለኝ።

«ከፍቼዋለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን አይመጣም?» ብሎ ጎንበስ ሲል ቆርቆሮውን አየ፤ ቀና ብሎ ሳጥኗንና ሽቦውን አየ። ሁሉንም ነገርኩት። እሱም በሳምንቱ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። «ተሽከርካሪው ሙቀት ሲበዛበት ሞተሩ የሚጠፋበትን ብልሽት፣ ሳያሳውቅና ሳያስፈቅድ በግሉ በማስጠገኑ» ይላል። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማኅተም አለው።

«ግልባጭ ይሰጠኝ» አልኩ።

«ማስጠንቀቂያ ነው እኮ» አለ አለቃዬ።

«አውቃለሁ። ግልባጭ ይሰጠኝ።»

ባለቤቴ የተማሪ ፈተና የምታርም ይመስል መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበችው። «ሙቀት ሲበዛበት ሞተሩ የሚጠፋበትን» የሚለውን ድምፅ አውጥታ ደገመችው። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እውነትህን ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ወር እውነትህን ነበር የምትነግረኝ። ይቅር በለኝ።»

ተነሳሁ። ወደ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። ወረቀቱ ስለ መኪናዋ የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ስለ ሦስተኛው ሐሙስ ግን አንድም ቃል የለበትም። እሷ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች።

ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት።