የክለባችን ታሪክ በሁለት ገጽ

ከተመረቅኩ ሦስት ወሬ ነው፤ ሥራ የለኝም። አሰልጣኛችን ደግሞ ሥራ ፈት ሰው ማየት አይወድም። "ተመርቀሽ የለ? በይ የክለቡን ታሪክ ጻፊልን" አለኝ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለባችን ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ለመመዝገብ ታሪኩን ጽፎ፣ የመጀመሪያዋን አምበል አስፈርሞ፣ እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ማስገባት አለበት። ካላስገባን የለንም፤ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብለን የወንዶቹን ጨዋታ ማየት ነው።

ከአሰልጣኙ የድሮ ደብተር እየቀዳሁ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ዓርብ በስምንት ሰዓት ከወልድያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ሲሪንቃ ላይ ሰው ልጫን ብሎ ሃያ ደቂቃ ሲያቆመን ወርጄ መኪናውን ልገፋው ምንም አልቀረኝ።

አምበሏ አሁን መርሳ ላይ ፍራፍሬ ትሸጣለች። ረጅም ናት፤ ከብርቱካን ክምር ጀርባ ተቀምጣ እንኳ ከቆመ ገዢ እኩል ትሆናለች።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?"

"አንቱ አትበይኝ፣ ገና እሮጣለሁ" አለችና እጇን በሻርፗ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ትንሽ እንዳነበበች ፊቷ ተለወጠ።

"'በመጀመሪያው ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፉም'? ይሄን አውጪ። አንድ አሸንፈናል እኮ!"

"እሱ ፎርፌ ነው። ተጋጣሚዎቻችሁ መኪናቸው ተበላሽቶ ቀሩ።"

"እና? እኛ ማሊያ ለብሰን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። ወላሂ፣ ከመጫወት ይከብዳል!"

"ቆሞ መጠበቅ ድል ከሆነማ የሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ ዋንጫ ይገባዋል" አልኳት። አፌ ነው፤ አያስቀምጠኝም። "ታሪክ ነው የምጽፈው። እውነቱ ይጻፍ።"

አየችኝ። ለአንዲት ሴትዮ ማንጎ መዘነችና ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመለሰች።

"'ባለፈው ዓመት ፍጻሜ በጠባብ ውጤት ተሸነፍን።' በስንት?"

"በአንድ ነጥብ።"

"እንዴት?"

አንድ ብርቱካን አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ከልጄ ጋር መጥቼ አይቻለሁ። ከእረፍት መልስ ተቀይራ ገብታ፣ ቡድኖቹ የቅርጫት ቀለበት መቀያየራቸውን ረስታ፣ ማንም ሳይነካት ሮጣ በገዛ ቀለበቷ ያገባችው ማን ናት?"

እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጬ በፍጻሜ ያስቆጠርኩት ብቸኛ ኳስ እሱ ነው። ጭራሽ እጄን ሰቅዬ ጨፍሬያለሁ። ጓደኞቼ እየጮሁ ወደ እኔ ሲሮጡ ሊያቅፉኝ መስሎኝ ነበር።

"ታዲያ እውነቱ ይጻፋ!" አለችና ከት ብላ ሳቀች። "እሱ ሳይገባ አልፈርምም።"

"እትዬ፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ!"

"ለእኔ አልሄደብኝም። ሱቄ ውስጥ ነኝ።"

የብርቱካን ሣጥን ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦ "የተሸነፍነው ለተጋጣሚ ሁለት ነጥብ ስላስቆጠርንለት ነው።"

አንገቷን አስግጋ አነበበችው። "'ስላስቆጠርን'? ስንት ሆናችሁ ነው የወረወራችሁት?"

ሰረዝኩት። "ሁለቱን ነጥብ በራሳችን ቀለበት ያስቆጠረችው ይህን ታሪክ የጻፈችው ናት" ብዬ አሳየኋት።

ፈረመች። "የእኛም ሽንፈት ይቆይ" አለች። "ብቻ ማሊያ ለብሰን መጠበቃችንን ጨምሪበት።" ጨመርኩላት።

ወልድያ ስደርስ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ባጃጅ ይዤ ወደ መመዝገቢያው ቢሮ በረርኩ። መዝጋቢው መነጽሩን አደረገና እያንዳንዷን ቃል ማንበብ ጀመረ። ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንስቼ ራሴ ልመታው ነበር። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ቀና አለ።

"ይቺ ልጅ አሁንም ትጫወታለች?"

"አዎ፣ ትጫወታለች" አልኩ።

"እንግዲያው ቀለበቱን አሳዩአታ!" አለና ማህተሙን አሳረፈበት።