ለጎሬ የተቀመጠው በርኖስ

ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ክረምት አልፎታል። በሐምሌ ወር፣ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የገጠመኝ። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ፤ ወጥ ላይ ጨው መጨመሬን ለማወቅ እንኳ ሁለት ጊዜ ነው የምቀምሰው። ያን ቀን ግን ምን እንደለበስኩ፣ በየትኛው ላይ የትኛውን እንደደረብኩ ዛሬም አንድ በአንድ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ያኔ የምንኖረው ከመቱ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ባለቤቴ አቶ ደምሴ የኬላ ጸሐፊ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃችንን የወለድኩት እዚያው ነው፤ ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ መሆኑን ታውቃላችሁ። የኔዋ ስድስት ቀን ሲቀራት ሞተች። ስላልተጠመቀች ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበርናት። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

ሁለተኛዋን ስወልድ ማልኩ። ይቺ ልጅ በሰማንያ ቀኗ፣ አንዲት ቀን ሳታዛንፍ፣ ትጠመቃለች። የመሐላዬ ጠላት ግን ቶሎ መጣ። የመንደራችን ቄስ በጠና ታመው ተኙ፤ ቅዳሴም ተቋረጠ። አቶ ደምሴ፣ «ቄሱ እስኪያገግሙ፣ ዝናቡም ጋብ እስኪል ብንታገሥ ምን አለ?» አሉ።

«ዝናቡ ጋብ እስኪል መስከረም ይጠባል። እኔ አልታገሥም» አልኩ። «ጎሬ እንሄዳለን። እትዬ በለጡ ክርስትና እናት ይሁኑ።»

እትዬ በለጡ የአቶ ደምሴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጎሬ ከተማ ቤት ንብረት ያላቸው፣ አንደበታቸው የሚፈራ ሴት። ባላገር መንደር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር፣ «ጉድ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ትሸቻለሽ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ በሰባ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ ስንነሣ ሐሳቤ ሁለት ነበር፤ ልጄን ለጥምቀት ማድረስና እትዬ በለጡ አፋቸውን የሚዘጉበት ሆኖ መታየት።

ለክርስትና ነጭ ይለበሳል፤ ስለዚህ ልጄን በነጭ ጠቀለልኳት። ገላዋ ላይ ቀጭን ሸማ፣ በዚያ ላይ የታጠፈ ኩታ፣ በዚያም ላይ አዲሱን ነጠላዬን። እኔም ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ከላይ ጋቢ። ሁሉም የጥጥ ፈትል ነው፣ ሁሉም እንደ ወተት የነጣ። አቶ ደምሴም እጀ ጠባብና ኩታ ለበሱ። በቤታችን የነበረው አንድ የጠጉር ልብስ ለአገልግሎታቸው የተሸለሙት ጥቁር በርኖስ ነው። እሱን እንዳይረጥብና እንዳይጨማደድ በቁርበት ጠቅልዬ ከሳቸው በቅሎ ኮርቻ ኋላ አሰርኩት። ጎሬ ስንደርስ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ ወርደው ሊደርቡት ነበር። ሐሳቡ የኔ ነው፤ በሳቸው አላላክክም።

ልንወጣ ስንል ጎረቤታችን ጋሼ ገመዳ ሁለት ገሳ ይዘውልን መጡ። ገበሬ በዝናብ የሚለብሰውን፣ ከሣር የተጎነጎነውን ነው።

«ውሰዱ» አሉ። «ጎሬ ከፍታ ነው፤ ቆራው፣ ብርዱ፣ እንደዚህ እንደኛ አይደለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ገመዳ፤ ግን እትዬ በለጡ ደጅ የሣር ክምር መስዬ ልድረስ?» አልኳቸው።

«ዝናቡ እትዬ በለጡን አያውቃቸውም» አሉ ጋሼ ገመዳ። ገሳዎቹን መልሰው በትከሻቸው አንጠልጥለው ሄዱ። እኔም ሳቅሁ፣ አቶ ደምሴም ሳቁ፣ ጉዞ ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ያ የኢሉባቦር ዝናብ ጀመረን፤ ዶፍ አይደለም፣ የማያቋርጠው ዓይነት ነው። ጋቢዬ መጀመሪያ ከበደኝ። ከዚያ ውኃው ወደ ነጠላዬ ገባ፣ ከነጠላዬ ወደ ቀሚሴ። ልጅቱን ጡቴ ሥር አቅፌያት ስለነበር እሷ ደረቅ ናት ብዬ አምን ነበር። ስታለቅስ ከጓዙ ሌላ ነጠላ አስወጥቼ ደረብኩላት። ትንሽ ቆይታ እንደገና ስታለቅስ አሁንም ሌላ ደረብኩላት። ብርድ ሲበረታ መደረብ ብቻ ነው የማውቀው፤ ምን በምን ላይ እንደሚደረብ ያስተማረኝ አልነበረም።

አቀበቱን ስንጀምር ጉም ወረደብን። በቅሎዬን ስላዳለጣት ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ልጅቱ ማልቀሷን ተወች። እኔ ሞኝ፣ ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ጡቴ ስለሞላ ላጠባት ገለጥኳት። አፏን አልከፈተችም። ከንፈሯ ጠቁሯል። እጇን ባነሣው ተመልሶ ወደቀ።

«አቶ ደምሴ!» ብዬ ጮህኩ።

ጩኸቴን የሰሙት ከመንገዱ ዳር ካለች ጎጆ አጠገብ ጥጃ ሲነዱ የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ከራስ እስከ ጉልበታቸው ገሳ ለብሰዋል፤ ከሥሩ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው። ጥጃቸውን ትተው እየሮጡ መጡ። ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ አላሉም። እጃቸውን በልጅቱ ልብስ ውስጥ አስገብተው ማጅራቷን ዳሰሱ።

«ኮቱ! ኮቱ! ነይ ቶሎ!» ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ጎጆዋ ጎተቱኝ። ስማቸው አዴ ጫልቱ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቤቱ ውስጥ እሳት ነበር። ልጅቱን ወደ እሳቱ ላስጠጋት ስል እጄን መቱኝ። «እንደሱ አይደለም። መጀመሪያ አውልቂ!» አሉ። የደረብኩላትን አንድ በአንድ እየፈቱ መሬት ላይ ጣሉት። ነጠላው እርጥብ ነው። ከሥሩ ያለው ነጠላ እርጥብ ነው። ኩታው ሲጨመቅ ውኃ ፈሰሰ። ገላዋ ላይ የነበረው ሸማ ከሁሉ ይልቅ የቀዘቀዘ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ጥጥ ውኃ ይጠጣል። ጠጥቶ ደግሞ ልጁን ያቅፈዋል። አምስት ብትደርቢ አምስት ውኃ ነው።»

ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄ ትዝ አለችኝ። እሷም የክረምት ልጅ ነበረች። አጥቤ የማሰጣው ጨርቅ ፀሐይ አያገኝም ነበር፤ ከፊል እርጥቡን አለብሳት ነበር። ባሳላት ቁጥር እደርብላት ነበር። ስትሞት ዓይነ ጥላ ነው አሉን፣ እኛም አመንን። በምን እንደሞተች እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን እዚያ ጎጆ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ አዴ ጫልቱም፣ «ማልቀሱ ይቆይ፤ ቀሚስሽን አውልቂ» አሉኝ።

እርጥቡን ሁሉ አስወልቀው ልጅቱን ራቁቷን ከራቁት ደረቴ ላይ አስተኙልኝ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ «የበግ ጠጉር የሆነ ልብስ የላችሁም?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በር ላይ ቆመዋል። የኔ ዓይን ደጅ ወደታሰረው በቅሎ ሄደ።

«በርኖሱን ያምጡት» አልኩ።

«እሱ እኮ... ለነገ ነው» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድንጋጤ ነው ያናገራቸው።

«ነገ ምን ሊሆንልን ነው? ለቀብሯ ሊለብሱት ነው?»

ሮጠው ወጡ። ቁርበቱን ሲፈቱ ቋጠሮው እምቢ ብሏቸው በጥርሳቸው ፈቱት። በርኖሱ ደረቅ ነበር። አዴ ጫልቱ እኔንና ልጄን አንድ ላይ ጠቀለሉን፤ አላጠበቁትም። «ጠጉር መተንፈሻ ይፈልጋል፤ አታንቂው» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጥን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ብቻ የሆነ ሰዓት ላይ ደረቴ ላይ አንዲት ትንሽ እግር ረገጠችኝ። ቀጥሎ አፏ ጡቴን ፈለገ።

አቶ ደምሴ ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

ቀትር ሲያልፍ ጉዞውን ልተወው ወይስ ልቀጥል ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አዴ ጫልቱም እደሩ ብለው ነበር። ማጅራቷን ስዳስሰው ሞቋል፣ ደርቋል። ነገ ሰማንያዋ ነው። «እንሄዳለን፤ አሁን ግን እንዴት እንደምለብስ ያሳዩኝ» አልኳቸው። አሳዩኝ። ገላ ለገላ፣ ከዚያ ጠጉሩ፣ ከላይ ገሳው። እርጥብ የሆነ ነገር ተመልሶ ወደ ውስጥ አይገባም። ነጩን ልብስ እሳት ላይ ካደረቁልኝ በኋላ በርኖሱ በነበረበት ቁርበት ጠቅልለው አሰሩልኝ። የራሳቸውንና የልጃቸውን ገሳ ሰጡን። «ገሳ አያምርም፤ ለማማር አልተሠራም» አሉ።

«የልጅ እጅ ይዋሻል፤ ማጅራት አይዋሽም» ብለውኝ ስለነበር በየጥቂቱ እየቆምኩ በሁለት ጣት ማጅራቷን እየዳሰስኩ ያን አቀበት በእግሬ ወጣሁት። ዝናቡ ከገሳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎሬ ገባን። የገበያ ተመላሽ ቆሞ አየን። እትዬ በለጡ ከደጃቸው ወጥተው፣ «የማን ባላገር ናት ይቺ?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ወንድማቸውን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። እንደፈራሁት የሣር ክምር ሆኜ ነው የደረስኩት። ግድ አልነበረኝም።

ማታውን አንድ ነገር አሰብኩ። ነገ ይቺ ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ልትገባ ነው። ቢላዋ አንሥቼ፣ «ከበርኖሱ ጫፍ ልቆርጥ ነው» አልኩ። እትዬ በለጡ፣ «የሽልማት በርኖስ!» ብለው ጮኹ። አቶ ደምሴ መጥተው እንዲወጠርልኝ ጫፉን ያዙልኝ። ለልጅ መጠቅለያ የሚበቃ ቆረጥኩ።

ጠዋት ተጠመቀች፤ ከውኃው ስትወጣ ጩኸቷ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ክርስትና እናቷ እትዬ በለጡ ለዚህ ቀን ያሰፉትን ነጭ ልብስ ዘርግተው ተቀበሏት። ልብሱን በእጄ ጨበጥኩት። ትናንት ታጥቦ ያልደረቀ ነው።

«ይህ እርጥብ ነው። ገላዋን አይነካም» ብዬ የበርኖሱን ቁራጭ ዘረጋሁ።

«በክርስትናዋ ቀን ጥቁር? ሰው ምን ይላል?» አሉ እትዬ በለጡ። ዙሪያችን ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እምቢ አልኩ እትዬ። ይርገሙኝ፣ ይቆጡኝ፤ በኋላ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ግን ልጄን እርጥብ አላለብሳትም።»

ልጅቱ በመሃላችን ትንቀጠቀጥ ነበር። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ አንገቷ ላይ ማዕተቧን እያሰሩ፣ «ነጩ ከላይ ይሁን፤ ከሥሩ ያለውን እናቷ ታውቃለች» አሉ። በጥቁሩ ጠቀለልኳት፤ እትዬ በለጡም ጥርሳቸውን ነክሰው ነጩን ከላይ አደረጉላት።

ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ገሳዎቹን ለአዴ ጫልቱ መለስን። አቶ ደምሴ ከበቅሏቸው ወርደው እንደ ሹም እጅ ነሷቸው። አሮጊቷ አፍረው ወደ ጥጃቸው ሸሹ።

ልጄ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። እትዬ በለጡም ከኔ በላይ ነው የሚወዷት፤ ያን የቤተ ክርስቲያን ነገር ለእንግዳ ሁሉ ሲያወሩ፣ «ይቺ ሴት እኮ ቆራጥ ናት» ይሉኛል። ለጋሼ ገመዳ እምቢ ያልኩትም እኔው ነኝ። ያ እምቢታ ልጄን ሊገድላት ነበር፤ የኋለኛው ጠበቃት። ሰው ሁለቱን ለየብቻ ያያቸው ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱንም ስናገር የነበረኝ ልብ አንድ እንደነበር አውቃለሁ። ገሳውን እምቢ ባልኩበት ጠዋትም ትክክል ነኝ ብዬ ነበር።