ለሪራ የተቆረጠው ሽቦ

ነሐሴ 13 ቀን 1974 ዓ.ም. በባሌ፣ ሮቤ ከተማ በሚገኘው የመምህራን ማሰልጠኛ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ሦስት እግር ብቻ ተገጥሞለት ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። አራተኛው እግር ተልጎ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር። ጠረጴዛውን ይሠራ የነበረውን ወንድሜን መሀመድአወል ዲማን ከጎባ የመጡ ሁለት ሰዎች፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ይዘውት ሄዱ።

ጠረጴዛውን በማግስቱ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ግን ሁሉም ያየሁት አይደለም። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ እለያለሁ።

አወል በየክረምቱ መምህራንን ያሰለጥን ነበር። ከአውራጃው ትምህርት ቤቶች የሚላኩ መምህራን፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ተሰብስበው፣ ተማሪን በእጁ እያሠሩ ማስተማር ይማራሉ። መጋዝ መሳል፣ ቆርቆሮ ቆርጦ መበየድ፣ በባትሪ ድንጋይ አምፖል ማብራት፣ ከተጣለ ዕቃ ለክፍል የሚሆን መሣሪያ መሥራት። መንግሥት ትምህርት ከሥራ ጋር ይያያዝ ብሎ ለብዙ ትምህርት ቤቶች መሣሪያ ልኮ ነበር። መሣሪያው ግን በየርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ከተሰበረ ያስጠይቃል፤ ካልተነካ ደግሞ አይሰበርም። ዓመቱ ሲያልቅ ንብረት ቆጣሪ ይመጣል፣ ቁም ሣጥኑ ይከፈታል፣ ሁሉም ከነቅባቱ አዲስ ሆኖ ይገኛል፣ ርዕሰ መምህሩ ይመሰገናል፣ መልሶ ይቆለፋል።

ስለዚህ የአወል የመጀመሪያ ትምህርት ጓጉንቸር መፍታት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ ዝገት የበላው ጓጉንቸር ይሰጠዋል፤ ፈትቶ፣ ሆዱን አይቶ፣ መልሶ እስኪገጥመው ድረስ ሌላ ነገር አይማርም። ኮት ለብሶ መግባትም ክልክል ነበር። በሩ አጠገብ በተመቱ ምስማሮች ላይ ይሰቀላል።

ጋሼ ደጀኔ በዚህ ነገር አልተስማሙም። ጎባ ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ የቀረባቸው መምህር ነበሩ።

«ጋሼ፣ ኮትዎን» አላቸው አወል በመጀመሪያው ጠዋት።

«በዚህ ብርድ? አንተ የሮቤን ክረምት አታውቀውም እንዴ?»

«እዚሁ ባሌ፣ ገሰራ ነው የተወለድኩት፣ ጋሼ።»

«እንዲያማ ከሆነ ይብስብሃል። የገሰራ ሰው ኮቱን ለብሶ አይደል እንዴ የሚያርሰው?»

ሰልጣኞቹ ሳቁ፤ እሳቸውም እየሳቁ ኮታቸውን ሰቀሉ። ይህን የነገረችኝ ጁሀራ ናት፤ የሮቤ ልጅ፣ የዚያ ክረምት ሰልጣኝ። የቀረውንም በአብዛኛው የሰማሁት ከእሷ ነው።

የሚቀጥለውን ግን ጁሀራም አታውቅም። በክረምቱ መግቢያ ላይ ሰይዳ የምትባል መምህርት የሳነቴን ተራራ በበቅሎ ተሻግራ፣ ጫካው ውስጥ ካለችው ከሪራ መጣች። ያለፈውን ዓመት ስልጠና የጨረሰች ናት።

«ኦቦ አወል፣ ያስተማሩኝ ነገር እጄ ላይ ሊበላሽ ነው» አለችው። «ሽቦ የለኝም። አምፖልን በቃል ላስተምር?»

«ለጎባ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፊ።»

«ጽፌያለሁ። መልሱ ሲመጣ ልጆቹ ልጅ ወልደው ያነቡታል።»

ወርክሾፑ የነበረው ሽቦ ከተቃጠለ የትራክተር ዲናሞ የተፈታ ነው። የመንግሥት እርሻ ጋራዥ የጣለው ቢሆንም በንብረትነት ገቢ ሆኗል፤ ያለ ጎባ ፈቃድ ከበሩ አይወጣም። አወል ግማሹን ቆርጦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ሰይዳ ከበቅሎዋ ኮርቻ ሥር ሸጉጣው ወደ ጫካዋ ተመለሰች።

የክረምቱ የመጨረሻ ሥራ ሬዲዮ መቀበያ ነበር። በመደብር የሚሸጠው ዓይነት አይደለም። አንድ ትራንዚስተር፣ ቀርከሃ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ከአሮጌ ስልክ የወጣ ማድመጫ፣ ከጣሪያው እስከ ግቢው ጥድ የተዘረጋ አንቴና። ሁሉም እንዳቅሙ ጠምጥሟል፣ በይዷል። የአወል ሐሳብ የአዲስ አበባን ጣቢያ ማሰማት ነበር። የቀረው ሽቦ ግን ቀርከሃው ላይ ለሚጠመጠመው ዙር አልበቃም። ዙሩ ሲያንስ መቀበያው የሚይዘው ሞገድ ያጥራል፤ አጭር ሞገድ ደግሞ ከሩቅ አገር ይመጣል። ወንድሜ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቢሆንም ከገዛ እጃቸው ሥራ ውስጥ አንድ ድምፅ ሲወጣ ይስሙ፣ የማንም ድምፅ ይሁን ብሎ ቀጠለ። ስህተቱ ይህ ነበር። በሶማሊያ ድንበር ተኩስ በነበረበት በዚያ ክረምት፣ በባሌ ምድር፣ የማንም ይሁን ተብሎ የሚታለፍ ድምፅ አልነበረም።

ማድመጫው አንድ በመሆኑ ከጆሮ ወደ ጆሮ ዞረ። መጀመሪያ ዘፈን ነበር። ጁሀራ ጋ ሲደርስ ሰው ይናገራል።

«ኦሮምኛ ነው» አለች። «ሐረር መሰለኝ።»

ጋሼ ደጀኔ ተቀበሏት። ኦሮምኛ እንደ አማርኛቸው ይሰማሉ። ጥቂት አዳመጡና ማድመጫውን ከጆሯቸው አራቁት።

«የሐረር ጣቢያ ከመቼ ወዲህ ነው መንግሥትን የሚሳደበው?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አወል ባትሪውን ነቀለ። «ነገ ዙሩን እናስተካክላለን» ብሎ አሰናበታቸው። በማግስቱ ተያዘ። ማን እንደተናገረ አላውቅም። ጠይቄያለሁ፣ አላገኘሁም።

ጎባ ላይ የጠየቁትን አወል ራሱ ነው የነገረኝ፣ ከተፈታ በኋላ፣ በጥቂት ቃል።

«ሬዲዮው አዲስ አበባን ለምን አልያዘም?» አሉት።

«ሽቦው አጭር ነው።»

«ለምን አጠረ?»

እውነቱን ቢናገር ጥያቄው በዚያው ቀን ሪራ ይደርሳል። ከሪራ በታች ሃረና ነው፤ በጠያቂዎቹ አፍ ሃረና ማለት ወንበዴ የተደበቀበት ጫካ ማለት ነበር። የሬዲዮ ሽቦ፣ ያለ ፈቃድ፣ ወደዚያ ጫካ፣ በአንዲት መምህርት ኮርቻ ሥር። ባልና ሕፃን ያላት ሴት ናት።

«ተሳስቼ ቆረጥኩት» አለ።

«ዩኒቨርሲቲ የተማርክ ሰው ሽቦ መለካት አቃተህ?»

«አቃተኝ።»

እየደጋገሙ ያንኑ ጠየቁት፤ እሱም ያንኑ መለሰ። እንደተዘባበተባቸው ቆጠሩት። ስንቅ አመላላሿ እኔ ነበርኩ። በበሩ በኩል ባገኘሁት ቁጥር «የሆነውን ሁሉ ንገራቸውና ውጣ» እለው ነበር። የምለምነው ሰይዳን አሳልፎ እንዲሰጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሱም «እሺ» እያለ ሳህኑን ይቀበለኛል። በኋላ በኋላ ማሳል ጀመረ። እስር ቤቱ ሲሚንቶ ወለል ነው፤ የጎባ ብርድ ደግሞ ከምድሩ ነው የሚወጣው።

በሐምሌ 1975 ያለ ፍርድ ተፈታ። ወርክሾፑ እህል ገብቶበት አገኘው። ሰልጣኞቹ ምስክር ወረቀት ሳይሰጣቸው ወደየትምህርት ቤታቸው ተመልሰዋል። ጋሼ ደጀኔ ጡረታ ወጥተዋል። ለአወል ሥራ አልተመደበለትም። እኔ ዘንድ ተቀመጠ።

በመስከረም ሰይዳ መጣች። ሻይ ይዤ ስገባ ንግግራቸውን አላቋረጡም። የሽቦውን ታሪክ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ለምን አልተናገሩም ኦቦ አወል? ሽቦውን ለሰይዳ ሰጠሁ ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ሽቦ ብላቸው ሽቦ አይሰሙም። የሚሰሙት ጫካ ነው።»

ሰይዳ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ያስቀመጠውን ጥያቄ የሚያወጣ ይመስል ወደ ፊት ተጠጋ።

«ልጆቹስ? ምን ሠሩበት?»

ስኒዋን መሬት አስቀመጠች።

«ሰይዳ፣ አምፖሉን አበሩ?»

«አንድ ሳምንት» አለች። «ትምህርት ሲከፈት አንድ ሳምንት አበሩ። ከዚያ እርስዎ ተያዙ የሚል ወሬ መጣ። ማታውኑ ከባትሪዎቹ ጋር ቀበርኩት። ዝናብ መጣና ቦታውም ጠፋኝ።»

«መጋዝና መዶሻውስ?»

«ርዕሰ መምህሩ ቆልፎበታል። እኔም ክፈት አላልኩትም።»

አወል ሻዩን ጠጣ። ደግ አደረግሽ አላለም፤ ክፉ አደረግሽም አላለም። ስትነሳ እስከ በሩ ሸኛትና ሳነቴ ላይ ጉም ሳይወርድ እንድትሻገር መከራት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ስልጠናው ሲናገር አልሰማሁም። ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ቢኖር አይቶ ያልፈዋል። የቤቴ በር መወርወሪያ ሲወልቅ የጠገነው የጎረቤት አናጢ ነው።

በኅዳር 28 ቀን 1976 ዓ.ም. በሳንባው ሞተ። ሮቤ ተቀብሯል። ሰይዳ ለቀብር አልደረሰችም።

ታሞ አልጋ ከመያዙ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት የወጣው ገብስ ሊያስፈጭልኝ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩና ወፍጮ ቤት የሆነውን የነገረኝ ባለወፍጮው ኢታና ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። አወል ተራው ሲቃረብ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ወለቀና ወፍጮው ቆመ። ኢታና ሁለት ጊዜ ሊመልሰው ሞክሮ አቃተው። ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ።

«አወል፣ እስቲ ጠጋ በል» አለው። «ይህ ያንተ ዕቃ ነው። አንዴ ብትነካው ይነሳል።»

አወል ቺንጊያውን ከሩቅ አየው። ኢታና እንዳለኝ፣ ምን እንደሆነ ያወቀ ይመስላል። ኮቱን ግን አላወለቀም።

«እኔ መንካት ትቻለሁ» አለና ተመልሶ ጆንያው አጠገብ ተቀመጠ።

ሰው ከጎባ ተጠርቶ እስኪመጣ ከሌሎቹ ጋር ጠበቀ። ወፍጮው ሲነሳ በተራው አስፈጨ። አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ ዱቄቱ ጓዳ ገብቶ፣ ባዶው ጆንያ ተራግፎ ታጥፎ ነበር። «በደንብ ደቋል፤ መንፋት አያስፈልግሽም» አለኝ።