የባለቤቴን ላፕቶፕ ማፍጠን

ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ሞተ። ይህን የምጽፈው ላማው አይደለም፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣ በኋላ ዋና ሥራው ከባድ መኪና መንዳት ስለነበረ ነው። የሚነዳውም ቂርቆስ ባለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት በሸጠለት አሮጌ የጌም ላፕቶፕ ላይ ነበር። የላፕቶፑ ቁልፎች ቀይ መብራት ያበራሉ። የገዛው ቀን “የጭፈራ ቤት ይዘህ መጣህ?” አልኩት። “ለማንበብ ይመቻል” አለኝ። አንድ ገጽ እንኳ ሲያነብበት አላየሁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንጨት የጫነ ተሳቢ እየነዳ፣ ሊደርስ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲቀረው መንገድ ዳር አቆመው። “ቅዳሜ አደርሰዋለሁ” ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ዓርብ ጠዋት ልቡ ቆመ። ሌላዋ ሴት ባሏ ሲሞት ያላለቀ ቤት ይቀርላታል፤ ለእኔ ያልደረሰ እንጨት ቀረልኝ። መኪናው በማላውቀው አገር ጎዳና ዳር፣ የኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቆሞ ነበር። ላፕቶፑ ቢቃጠል እሱም አብሮ ይጠፋል። እንጨቱን ላደርስለት ፈለግሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

አርባው ካለፈ በኋላ ከፈትኩት። መኪናው መንቀሳቀሱን ተንቀሳቀሰ፤ ግን ሥዕሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይቆማል። አርጅቷል ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል መሳቢያው ውስጥ በእሱ ጽሕፈት የተጻፈ አንድ ደብተር አገኘሁ።

የዚያ ዓይነት ላፕቶፕ ፕሮሰሰር፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማዘዝ ይቻላል። ካበዙበት ግን ይግላል፣ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ሲብስም ይበላሻል። ባለቤቴ ጉዳዩን የያዘው ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ ፋይል ነበር። አንድ እርከን ይጨምራል፤ ማሽኑን አንድ ሰዓት ያለ እረፍት ያሠራዋል፤ ሙቀቱን ይጽፋል፤ አስተያየት ይሰጣል፤ ይፈርማል። “እርከን 37። ሙቀት 79። አልቆመም። በዚሁ ይቀጥል።” ፊርማ። “እርከን 38። ሙቀት 82። ክትትል ይደረግበት።” ፊርማ። ክትትሉ ስምንት ወር ፈጅቷል። “እርከን 39። ሙቀት 84። ለጊዜው ይብቃ።” ከዚያ በታች “እርከን 40” ይላል፤ ሌላው ባዶ ነው።

ባዶውን ልሞላው ተነሣሁ። እሱ ባስቀመጠው ደንብ መሠረት ፍጥነቱን በአንድ እርከን ጨመርኩና ጠበቅሁ። ከዚያ በራሴ ጽሕፈት “ሙቀት 98። ከበፊቱ ባሰበት” ብዬ ጻፍኩ። ወደ 39 መለስኩት፤ 97 ሆነ። በፍጥነት እንዲሮጥ ባዘዝኩት ቁጥር ይበልጥ ይንቀራፈፋል። ማሽኑ እንዳይቃጠል ሲል ራሱን እንደሚያዘገይ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከተጻፈው ሥር ፈረምኩ፤ ቦታው ባዶ ሲሆን አስጠላኝ።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ገባች። የወሎ ሰው ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች፤ በልቅሶው ሰሞን ሳምንት ሙሉ ሱቋን ዘግታ አብራኝ የተቀመጠች።

“አንቺ ሴትዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“ፕሮሰሰር እያፈጠንኩ።”

“አላህ ይድረስልሽ! ሰው ከሐዘን ሲወጣ ፀጉሩን ይሠራል።”

“ፀጉሬ አልዘገየም።”

“ወላሂ ሽታው እኮ ቤቴ ድረስ መጥቷል። ሽንኩርት ያረረብሽ መስሎኝ ነው የመጣሁት።”

ሽንኩርቱም አርሮ ነበር። ምድጃውን አጠፋችልኝ፤ ላፕቶፑን በእጇ መዳፍ ነካችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

“በይ ተነሺ። ካዛንቺስ የማውቀው ባለሙያ አለ።”

ባለሙያው የድሮ ሱቁ ፈርሶ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቷል። መላጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሰው ሲያናግረው ማሽኑን እንጂ ሰውየውን የማያይ። ላፕቶፑን ገልብጦ ሆዱን ከፈተና በመቆንጠጫ ነጭ ክር ይመዝ ጀመር። መዘዘ፣ መዘዘ።

“እትዬ፣ ምን ላይ ነው የሚያስቀምጡት?”

“ጠረጴዛ ላይ።”

“ጠረጴዛው ላይ ምን አለ?”

ጎረቤቴ መለሰችልኝ፦ “ዳንቴል አለዋ! ከሥር አንድ፣ ከላይ አንድ። ከእኔ ልጅ ይሻላል አለባበሱ።”

“እትዬ፣ ቴሌቪዥኑን ያልብሱ፣ ፍሪጁን ያልብሱ፣ በቃ ማንም አይናገርዎትም። ይሄ ግን የሚተነፍሰው በሆዱ ነው። አፍነው ይዘውት እኮ ነው ሩጥ የሚሉት!”

ባለቤቴ ከላፕቶፑ ሥር ሁለት ቁራጭ ጣውላ ያደርግ ነበር። ሳሎኔን ያዋርድብኛል ብዬ ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል። ልቅሶ ላይ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች እሳት ማቀጣጠያ አደረጉት፤ እኔም በልቤ ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ ሙሉ አርባውን ቀን ቁጭ ብዬ ዳንቴል ሠራሁለት። በሕይወቱ ሳለ እንኳ እንዲህ ያለ እንክብካቤ አላሳየሁትም።

ባለሙያው ማራገቢያዎቹን ጠረገ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ፍቆ አዲስ ቀባው። “ቮልቴጅ እንዳይጨምሩ፤ ትንሽ ቀንሼልዎታለሁ። ከሰማንያ አምስት ካለፈ አንድ እርከን ይመለሱ” አለኝ። ቀጥሎም “ከመሞከርዎ በፊት የሚያሳስብዎትን ነገር ወደ ፍላሽ ልገልብጥልዎት። ምኑ ነው የሚያሳስብዎት?” ሲል ጠየቀኝ።

“ፎቶው” አልኩት። ስለ ጌሙ መናገር አሳፈረኝ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ የለበስኩ ሴት ነበርኩ።

በማግስቱ ላፕቶፑን በሁለት መጻሕፍት ጫፍ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። እርከን 40፣ ሙቀት 81። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ መኪናውን አስነሣሁ። ሥዕሉ ዘይት እንደተቀባ ይሄዳል። እኔ ግን አልሄድ አልኩ። ከሜክሲኮ መስቀል አደባባይ ድረስ የሚኒባስ ሹፌር የምቆጣው ሴትዮ፣ በሠላሳ እየተጎተትኩ የመንገዱን ብረት አራት ጊዜ መታሁ፤ ቀይ መብራት ጥሼም ተቀጣሁ። ከኋላዬ ያሉት ጡሩንባቸውን ያንባርቃሉ። “ሰው ሞቶብኝ ነው” አልኳቸው ጮክ ብዬ።

ደረስኩ። መጋዘኑ በር ላይ ጌሙ ምርጫ ሰጠኝ፦ ተሳቢውን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም፣ ወይም ያን ትቶ ማስረከብ። ባለቤቴ ምላሱን ነክሶ ለዚህ አንድ ሰዓት ይታገል ነበር፤ ሁለተኛውን አንድም ቀን አልነካውም። እኔ ነካሁት። እንጨቱን አስረከብኩ፤ ጉዳቱም ተጻፈብኝ።

ቀጥሎ ጌሙ የደረስኩበትን በራሱ፣ በድሮው ላይ ደርቦ መዘገበ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የምዝገባውን ዝርዝር ከፍቼ የዚያን ሐሙስ ፈለግሁ። ያለው የዛሬው ብቻ ነው። የቆመበት መንገድ ዳር፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት፣ መቶ ሰማንያው ኪሎ ሜትር፣ የትም የለም። ሙቀት እንዳይወስድብኝ ስሳሳለት ከርሜ፣ በራሴ እጅ አደረስኩት።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር 78 ይላል። ማሽኑ ምንም አልሆነም።