የፍጅሉ ውሃ

የከሰል ጡብ ጭስ ሽታ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላም ከጆምሱን አፍንጫ አልጠፋም። በዚያ ክረምት፣ ቤቱን ለማሞቅ ከስር ከነደደው ከሰል ጭሱ በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ገብቶ የሁለት ዓመት ልጇን ኢንቾልን ራሱን አሳተው። የኮሪያ ሰው እንደሚያደርገው፣ በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ እያንጠባጠበች አተረፈችው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ መጥረግ ልማዱ ሆነ፤ እሷም ትንፋሹን ሳታዳምጥ ተኝታ አታውቅም።

ልጁ አድጎ የካቶሊክ ቄስ ሆነ፤ አባ ፊደሊስ ተባለ። ከወንዙ ማዶ ባለች ደብር ከተመደበ ስምንት ወሩ ነው። ጆምሱን በጋንግዮንግ ገበያ በጨው የተቀመመ ሽሪምፕ ትሸጣለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ሱቋን ዘግታ ያንኑ የፍጅል ውሃ በማሰሮ ታደርስለት ነበር። እሱ ደግሞ ማሰሮውን ከነክዳኑ ይዞ እዚያው ማዶ ጧሪ የሌላት አንዲት አሮጊት ቤት ይገባ ነበር። አሮጊቷን «እናቴ» ሲላት ጆምሱን በጆሮዋ ሰምታለች።

ፋሲካ ሲቃረብ እንደወትሮው፣ ምእመኑ መናዘዙን የሚያሳይበት የኑዛዜ ካርድ ታደለ። ሰው የገዛ ቄሱን እንዳያፍር፣ የሚያናዝዙት ከሌላ ደብር የሚመጡ እንግዶች ናቸው። የዚያን ዕለት ይመጣሉ የተባሉት አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ጆምሱን ለእንግዳው ምሳ ያመጣችውን የፍጅል ውሃ ማሰሮ በደብሯ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ አኑራ ተሰለፈች። ከኋላዋ የቆመችው ዓሣ ሻጯ ኦክቡን፣

«ቶሎ ውጪልኝ እንግዲህ» አለቻት። «ያንቺ ኃጢአት እንደሆነ ሚዛኑን በጣት መደገፍ ነው፤ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።»

ጆምሱን ወደ ኑዛዜው ክፍል ገብታ ከወንፊቱ መስኮት ስር ተንበረከከች። ዓይኗን ካርዷ ላይ ተክላ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

«ልጄ ቄስ ነው፣ አባቴ። እናቴ የሚላትን አሮጊት እግዜር እንዲወስድልኝ ለመንኩ። ባለፈው ማክሰኞ ሞተች።»

ከወንፊቱ ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

ካርዱ ከእጇ ወደቀ። ሽማግሌው ሳይሆኑ ልጇ ነው። አሮጊቷን በእጁ የቀበረው እሱ ነው። አሁን «እማዬ» ካላት ልጇ ልጇ ሆኖ ይቀራል፤ ካላላት ግን አበቃ።

«እህቴ» አለ ድምፁ።

ጆምሱን ለእናቷ አንድ ናት፤ እህት ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም።

«ሞት ለእርስዎ ጸሎት አይታዘዝም፤ ቅናቱ ግን የእርስዎ ነው። ሟቿ ዓይነ ስውር ታናሽ እህት አሏቸው፣ እዚያው ቤት። ለልጅዎ...» ዳግም ጉሮሮውን ጠረገ። «ለልጅዎ የሚወስዱለትን ለእሳቸው ይውሰዱ። እሱን ባበሉበት ልብ ያብሏቸው። ንስሐዎ ይኸው ነው።»

ከኃጢአቷ ፈታት። እንዴት እንደወጣች አታውቅም።

በምሳ ሰዓት አዳራሹ በሳቅ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌው ታመው አባ ፊደሊስ ተተክቶ መምጣቱን ለሁሉም ያወራችው ኦክቡን ናት። ጆምሱን ስትገባ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት።

«አባ፣ እናትዎ መጡ» አለች ኦክቡን። «ዛሬስ የፍጅሉን ውሃ ለማንም አይሰጡብንም።»

አባ ፊደሊስ በኑዛዜ የሰማውን በዓይኑ እንኳ ሊያነሳው አይችልም፤ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር። በሁለት እጁ ጎድጓዳ ሳህኑን ዘረጋላት።

ጆምሱን ሳህኑን አየች። ከዚያ የማሰሮውን ክዳን ገጠመች፣ በጨርቅ ቋጠረችው፣ ታቅፋ አነሳችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ልጅሽ እኮ ነው!» አለች ኦክቡን።

ሳህኑ እንደተዘረጋ ቀረ። ጆምሱን ደጃፉ ላይ የጎማ ጫማዋን አጠለቀችና፣ ማንንም ሳትሰናበት ማሰሮዋን ይዛ ወደ ወንዝ ማዶው አውቶቡስ ወጣች።