ከፎቶ ቤቱ በላይ ያለው ደመና

ዛሬ ጌጃ ሰፈር የራሰ አፈር ሸተተኝ፤ ዝናቡ አጠገባችን ሰንጋ ተራ ደርሷል ማለት ነው። የፎቶ ቤቱ ጋሼ ግን ደንበኛ የሚያነሱበትን፣ ፏፏቴ የተሳለበትን መጋረጃ ደጅ አስጥተው፣ ጀርባቸውን ለደመናው ሰጥተው ዳማ ይጫወታሉ።

እኚህ ሰውዬ ናቸው ያኔ ጉድ የሠሩኝ! ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ከእህቴ ልደት የተረፈውን ፊልም አባዬ ሰጥቶኝ ደመና አነሳሁበት። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ጋሼ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩትና፣ «ሰው የሌለበት ፎቶ ማን ያሳትማል?» ብለው ደመናዬን በመቀስ ቆርጠው ጣሉት። ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። ይዘውኝ የሄዱት ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ እንባዬን በሻሻቸው እየጠረጉ፣ «ይቅር በይው አልልሽም፤ ብቻ በሱ ተናደሽ ሰማይ ማየት እንዳትተዪ» አሉኝ።

አልተውኩም። እንደውም አሁን ሰፈሩ ስለ ዝናብ የሚጠይቀው እኔን ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሊዘንብ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ፣ ከዳማው ቀና ሳይሉ።

«ኧረ ምን ሊዘንብ! ይጫወቱ ጋሼ።»

ስልኬን አወጣሁ። ደመናው ሲያምር! የመጀመሪያዋ ጠብታ ስክሪኔ ላይ አረፈች። ጠረግኳትና፣ መጋረጃውም ፎቶው ውስጥ እንዲገባልኝ ትንሽ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።